ፅኑ ሕሙማንን መንከባከብ፦ የቤተ ክርስቲያን ትምህርትና የእኛ ኃላፊነት



በቅዱስ ማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ላይ አራት ሰዎች አንድን ሽባ ተሸክመው ወደ ጌታችን ወደ ኢየሱስ ክርስቶስ እንዳመጡት እናነባለን። ሕዝቡ በመብዛቱ በበሩ መግባት ባልቻሉ ጊዜ ጣሪያውን ነድለው ሕመምተኛውን ከነአልጋው አወረዱት። ወንጌላዊው ጌታችን የተሸካሚዎቹን እምነት እንደ ተመለከተ ይነግረናል (ማር. 2፥1-12)።

ይህ ታሪክ ለቆቦና ለራያ ቆላ ሰው እንግዳ አይደለም። በዞብል ተራራ ግርጌም ሆነ ከመኪና መንገድ ርቀው በሚገኙ ሌሎች መንደሮች ሰው በጠና ሲታመም ጎረቤት ተጠራርቶ በቃሬዛ ተሸክሞ ያወጣዋል። ተሸካሚው ክርስቲያን ይሁን ሙስሊም የሚጠይቅ የለም፤ ቅሬው የሁሉም ነውና። ከዚያ በኋላ ግን ጉዞው ይረዝማል። ጤና ጣቢያው ወደ ቆቦ ሆስፒታል ይልካል፤ ከቆቦ ደግሞ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ወልድያ፣ ከወልድያም ሌላ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደሴ ይደረሳል። በመጨረሻ ሕመምተኛው ቤተ ዘመድ እንደ ልቡ ወደማይገባበት ክፍል ይወሰዳል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሐኪሙ ቤተሰቡን ጠርቶ «እንግዲህ ምን እናድርግ?» ብሎ የሚጠይቅበት ጊዜ ይመጣል።

ይህ ጥያቄ ብዙ ቤተሰቦችን አስጨንቋል። «መሣሪያው ይነሣ ብንል ገዳዮች እንሆናለንን? ይቀጥል ብንል ደግሞ አባታችንን በከንቱ እናሠቃያለንን?» የሚሉ ምእመናን አሉ። ስለሆነም በዚህ ትምህርት ቤተ ክርስቲያን ስለ ፅኑ ሕሙማን ሕክምና ምን እንደምታስተምር፣ እኛም በየቁምስናችን ምን ማድረግ እንደሚገባን ባጭሩ እንመለከታለን።

1. የፅኑ ሕሙማን ክፍል ምንድን ነው?

የፅኑ ሕሙማን ክፍል፣ በብዙዎች አነጋገር «አይ.ሲ.ዩ.»፣ ሕይወታቸው በአስጊ ሁኔታ ላይ የሚገኝ ሕመምተኞች ቀንና ሌሊት የሚጠበቁበት የሆስፒታል ክፍል ነው። በተለመደው የሆስፒታል ክፍል አንድ ነርስ ብዙ ሕመምተኞችን ትከታተላለች፤ በዚህ ክፍል ግን አንድ ነርስ አንድ ወይም ሁለት ሕመምተኞችን ብቻ እንድትከታተል ይፈለጋል። የልብ ምት፣ የደም ግፊትና በደም ውስጥ ያለው የኦክስጂን መጠን ያለማቋረጥ ይለካል። ሳንባው የደከመ ሰው በጉሮሮው በሚገባ ትቦ አማካይነት በመተንፈሻ መሣሪያ ይረዳል፤ ኩላሊቱ ሥራውን ያቆመ ደግሞ አገልግሎቱ ባለበት ቦታ ደሙ በመሣሪያ ይጣራል።

ይህ ዓይነቱ ሕክምና የተጀመረው በቅርብ ዘመን ነው። በ1952 እ.ኤ.አ. በዴንማርክ ዋና ከተማ በኮፐንሀገን የፖሊዮ ወረርሽኝ ተነሥቶ ብዙ ሰዎች፣ ይልቁንም ሕፃናት፣ መተንፈስ እየተሳናቸው ይሞቱ ነበር። በዚያን ጊዜ ቢዮርን ኢብሰን የተባሉ የማደንዘዣ ሐኪም በሕመምተኞቹ የአየር ቧንቧ ትቦ እያስገቡ በጎማ ከረጢት አየር መስጠት እንደሚቻል አሳዩ። በቂ መሣሪያ ስላልነበረ ወደ 1,500 የሚጠጉ የሕክምና ተማሪዎች እየተፈራረቁ፣ በየአልጋው አጠገብ ተቀምጠው፣ ከረጢቱን በእጃቸው እየጨመቁ ሕመምተኞቹን ያስተነፍሱ ነበር። በዚህም የብዙዎች ሕይወት ተረፈ። እንግዲህ ዛሬ በመሣሪያ የሚደረገው ይህ አገልግሎት በመጀመሪያ በሰው እጅ ይደረግ እንደነበረ ልብ ልንል ይገባናል። መሣሪያው ሰውን ለማገልገል የተሠራ እንጂ ሰው ለመሣሪያው የተፈጠረ አይደለም።

2. ሕክምናን መፈለግ ግዴታችን ነው

ሕይወት የእግዚአብሔር ስጦታ ናት። እኛ አደራ ጠባቂዎች እንጂ ባለቤቶች አይደለንም። መጽሐፈ ሲራክ ሐኪምን የፈጠረው እግዚአብሔር እንደሆነ፣ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣ እርሱ እንደሆነ ያስተምራል፤ ስለዚህም የታመመ ሰው ይጸልይ፣ ለሐኪሙም ቦታ ይስጥ ይላል (ሲራ. 38፥1-15)። ጸሎትና ሕክምና እርስ በርሳቸው አይቃረኑም። ጠበል የሚጠመቅ ሰው መድኃኒቱን እንዲያቋርጥ የሚመክር ካለ፣ የእግዚአብሔርን አንድ ስጦታ በሌላው ስጦታ መግፋቱ ነው።

በራያ ቆላ ይህ ትምህርት በተለይ ያስፈልጋል። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ወባ በሚበረታበት ወራት በቶሎ ያልታከመ ሰው ወባው አንጎሉን ሲጎዳው ይቃዣል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ራሱን ይስታል። ይህ ሕመም በቶሎ በደም ሥር በሚሰጥ መድኃኒትና ተገቢ በሆነ ክትትል ሊድን የሚችል ነው፤ ከዘገየ ግን በሰዓታት ውስጥ ይገድላል። ነፍሰ ጡር ሴት ብርቱ የራስ ምታት ይዟት ዓይኗ ብዥ ሲል ወይም ስትንቀጠቀጥ፣ ከወሊድ በኋላም ብዙ ደም ሲፈሳት፣ ሕፃንም ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ሲሰረጉድ እንዲሁ ነው። «እስኪ እስከ ነገ እንየው» ማለት በእንደዚህ ያለ ጊዜ ትዕግሥት ሳይሆን ቸልተኝነት ይሆናል።

ሌላም የሚያሳዝን ልማድ አለ። አስከሬን ማጓጓዝ ሕያውን ሰው ከማጓጓዝ የበለጠ ወጪ ስለሚጠይቅ፣ አንዳንድ ቤተሰቦች ገና የመዳን ተስፋ ያለውን ሕመምተኛ «በቤቱ ይሙት» ብለው ከሆስፒታል ያስወጡታል። ድኅነት የሚያመጣውን ጭንቀት እናውቃለን፤ አንፈርድባቸውም። ነገር ግን ሐኪሙ «ሊድን ይችላል» እያለ ሕመምተኛውን ማውጣት ትክክል አይደለም። ይህን ሸክም ቤተሰቡ ብቻውን እንዳይሸከም ማድረግም የእኛ የሁላችን ድርሻ ነው።

3. ተመጣጣኝ የሆነና ያልሆነ ሕክምና

ሕክምናን መፈለግ ግዴታ ነው ስንል ማንኛውም መሣሪያ በማንኛውም ጊዜ የግድ ነው ማለታችን አይደለም። በ1957 እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር በኦስትሪያ የኢንስብሩክ ከተማ የማደንዘዣ ሕክምና ኃላፊ የነበሩት ዶክተር ብሩኖ ሃይድ ስለ መተንፈሻ መሣሪያ ላቀረቡት ጥያቄ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ መልስ ሰጥተዋል። የመልሳቸውም ፍሬ ነገር የሚከተለው ነው፦ ሰው ሕይወቱንና ጤናውን ለመጠበቅ መደበኛ የሆኑትን መንገዶች መጠቀም አለበት፤ መደበኛ የሚባሉትም እንደ ሰውየው፣ እንደ ቦታውና እንደ ዘመኑ ሁኔታ ለራሱም ሆነ ለሌላው ከባድ ሸክም የማያመጡት ናቸው። ከዚህ የሚያልፈውን ማድረግ ይፈቀዳል እንጂ ግዴታ አይደለም።

ይህንኑ ትምህርት የእምነት ትምህርት ጉባኤ በ1980 እ.ኤ.አ. ባወጣው መግለጫ አብራርቶታል። በ1992 እ.ኤ.አ. የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም (ቁ. 2278) ከባድ ሸክም ያለበትን፣ አደገኛ የሆነውን ወይም ከሚጠበቀው ውጤት ጋር የማይመጣጠነውን ሕክምና ማቋረጥ ተገቢ ሊሆን እንደሚችል ያስተምራል። እንዲህ ሲደረግ ሞትን መፈለግ ሳይሆን ሞትን ማስቀረት አለመቻላችንን መቀበል ነው። ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ በ1995 እ.ኤ.አ. ስለ ሕይወት ወንጌል በጻፉት መልእክት፣ ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስም በ2017 እ.ኤ.አ. ለሐኪሞች ጉባኤ በላኩት መልእክት ይህንኑ አጽንተዋል።

ይህን በምሳሌ እንመልከት። ሁለት ቤተሰቦችን በሐሳባችን እናስብ።

የመጀመሪያው ቤተሰብ የ20 ዓመት ሴት ልጁን ይዞ መጥቷል። ወባ አንጎሏን ጎድቶት ራሷን ስታለች፤ ትንፋሿም ደክሟል። ሐኪሙ «መድኃኒቱ እስኪሠራ ለጥቂት ቀናት በመተንፈሻ መሣሪያ እንርዳት፤ የመዳን ተስፋ አላት» ይላል። ለዚህች ልጅ መሣሪያው ተመጣጣኝ ሕክምና ነው። አልጋው እስከተገኘ ድረስ በተስፋ መቁረጥ ልንነፍጋት አይገባም።

ሁለተኛው ቤተሰብ በዕድሜ የገፉ አባቱን ይዞ መጥቷል። በአንጎላቸው ውስጥ ብዙ ደም ፈስሷል፤ በመሣሪያ እየተነፈሱ ሁለት ሳምንት ሆኗቸዋል፤ አሁን ኩላሊታቸውም ሥራውን አቁሟል። ሐኪሞቹ መክረው «ከዚህ በኋላ መሣሪያው ሞታቸውን ከማራዘም በቀር የሚያመጣው ፈውስ የለም» ይላሉ። ታላቁ ልጅ በሬዎቹን ሸጦ፣ መሬቱንም አከራይቶ ወደ አዲስ አበባ ሊወስዳቸው ይፈልጋል፤ እኅቱ «ሰው ምን ይለናል?» ብላ ትጨነቃለች፤ እናታቸው ዝም ብለዋል። ለእኚህ አባት መሣሪያው ተመጣጣኝ መሆኑ ቀርቷል። ልጆቹ ሐኪሙን በሚገባ ጠይቀው፣ አባታቸው በጤናቸው ጊዜ ይሉት የነበረውን አስታውሰው፣ ጸልየውና ተማክረው መሣሪያው እንዲነሣ ቢስማሙ አልገደሏቸውም። የሚወስዳቸው ሕመማቸው ነው። እናታቸውና ታናናሾቻቸው የሚኖሩበትን በሬና መሬት ማጥፋትም የአባት ፍቅር መለኪያ አይደለም።

እንግዲህ መሣሪያው አንድ ሆኖ ሳለ ለልጂቱ የሚገባት ሕክምና ሆነ፤ ለአባት ግን አልሆነም። ስለዚህ የምንጠይቀው «መሣሪያው ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?» ብለን አይደለም። «ለዚህ ሰው፣ በዚህ ሁኔታ፣ የሚያስገኘው ጥቅም ከሚያመጣው ሸክም ጋር ይመጣጠናልን?» ብለን ነው።

4. የማይቋረጥ እንክብካቤ

ሕክምና የሚቋረጥበት ጊዜ ሊመጣ ይችላል፤ እንክብካቤ የሚቋረጥበት ጊዜ ግን የለም። የሕመምተኛውን ገላ ማጠብ፣ ጎኑን እያገላበጡ እንዳይቆስል መጠበቅ፣ ከንፈሩን ማርጠብ፣ ሕመሙን ማስታገስ፣ እጁን ይዞ አጠገቡ መቀመጥ እስከ መጨረሻዋ ትንፋሽ የሚገባው ነው። ምግብና ውኃም፣ በትቦ እንኳ ቢሰጡ፣ ሰውነቱ ሊቀበላቸውና ሊጠቀምባቸው እስከቻለ ድረስ በመሠረቱ የሚገቡት እንክብካቤ ናቸው።

ስለ ሕመም ማስታገሻም ብዙዎች ይጠይቃሉ። ብርቱ ሕመም ላለበት ሰው ሐኪሙ እንደ ሞርፊን ያለ መድኃኒት በሚገባው መጠን ቢሰጠው፣ መድኃኒቱ ዕድሜን ሊያሳጥር ይችላል ተብሎ ቢፈራ እንኳ፣ ሐሳቡ ሕመምን ማስታገስ እንጂ መግደል እስካልሆነ ድረስ የተፈቀደ ነው። በአንጻሩ ግን ሕመምተኛው ሥቃዩ እንዲያበቃ በሚል ሆን ብሎ በመድኃኒትም ሆነ የሚገባውን በመንፈግ መግደል፣ በአንዳንድ አገሮች «በርኅራኄ መግደል» ተብሎ በሕግ ቢፈቀድም፣ ከባድ ኃጢአት ነው። የእምነት ትምህርት ጉባኤ በ2020 እ.ኤ.አ. በደጉ ሳምራዊ ስም ባወጣው ሰነድ ይህን በድጋሚ አስረግጧል፤ ሊድን የማይችል ሰውም ሊንከባከቡት የሚገባ ሰው መሆኑን አስተምሯል።

5. አልጋው ሲያንስ

እስካሁን የተናገርነው አልጋና መሣሪያ እንዳለ አድርገን ነው። በአገራችን ግን ብዙ ጊዜ ሁለቱም ያንሳሉ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ሕመምተኛ በአገራችን መገኘቱ ከተገለጸ በኋላ በአዲስ አበባ የሚሊኒየም አዳራሽ እንኳ ወደ ሕክምና ማእከልነት ተለውጦ ነበር። ኦክስጂን ምን ያህል ውድ ነገር እንደሆነ ያን ጊዜ ሁላችንም ተረዳን። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ ጦርነቱ ሰሜን ወሎን ባዳረሰ ጊዜ በርካታ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፣ መሣሪያዎቻቸውም ወድመዋል። የሆስፒታል መሣሪያ ሲዘረፍ የሚጎዳው የማናውቀው፣ ገና ነገ የሚታመም ሰው ነው።

አንድ አልጋ ለሁለት ሰው በማይበቃበት ጊዜ ሐኪሞች ምርጫ ለማድረግ ይገደዳሉ። ይህ ምርጫ የሚድነው ማን እንደሆነና ይበልጥ የሚያስፈልገው ማን እንደሆነ በመመዘን እንጂ በሀብት፣ በዘር፣ በሃይማኖት ወይም በትውውቅ ሊሆን አይገባም። በዘመድ ወይም በገንዘብ የሌላውን ተራ የሚወስድ ሰው ከሌላው ሕይወት ላይ እንደወሰደ ይወቀው። ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ ከላይ በጠቀስነው መልእክታቸው ሕክምና ለባለጸጋው እየበዛ ለድኃው እየራቀ መሄዱን ነቅፈዋል። ቤተ ክርስቲያንም በአገራችን እንደ አጣጥና እንደ ወሊሶው ቅዱስ ሉቃስ ያሉ ሆስፒታሎችን የምታንቀሳቅሰው ከዚህ እምነት ተነሥታ ነው።

6. ምሥጢረ ቀንዲልና እውነትን መናገር

ሐዋርያው ያዕቆብ የታመመ ሰው የቤተ ክርስቲያንን ሽማግሌዎች እንዲጠራ፣ እነርሱም በጌታ ስም ዘይት ቀብተው እንዲጸልዩለት ያዝዛል (ያዕ. 5፥14-15)። ብዙ ቤተሰቦች ግን ካህኑን የሚጠሩት ሕመምተኛው ራሱን ከሳተ በኋላ ነው፤ «ካህን ካየ ተስፋ ይቆርጣል» ብለው ይፈራሉና። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ይህ ምሥጢር በሞት አፋፍ ላይ ለሚገኙ ብቻ እንዳልሆነ አስተምሯል። ምሥጢረ ቀንዲል የሕሙማን ምሥጢር ነው፤ ለከባድ ሕመም ወደ ሩቅ ሆስፒታል ከመሄድ በፊት መቀበል ይቻላል፣ ይገባልም። ሕመምተኛው መናገር በሚችልበት ሰዓት ይናዘዛል፤ መዋጥ በሚችልበት ሰዓትም ቅዱስ ቁርባንን ለመንገዱ ስንቅ አድርጎ ይቀበላል። ትቦ በጉሮሮው ከገባ በኋላ ሁለቱም ይቸግራሉ።

ከዚህ ጋር የተያያዘው እውነትን መናገር ነው። በእኛ ዘንድ ክፉ ወሬን ከሕመምተኛ መደበቅ እንደ ደግነት ይቆጠራል። መርዶ እንኳ በሰዓቱና በሽማግሌ ይነገራል እንጂ በድንገት አይወረወርም፤ ይህ መልካም ጥበብ ነው። ይሁን እንጂ ሰዓት መምረጥና ጨርሶ መደበቅ አንድ አይደሉም። ሰው ሞቱ እንደቀረበ ካላወቀ ንስሐ ለመግባት፣ የተጣላውን ለመታረቅ፣ ዕዳውን ለመናገር፣ ልጆቹን ለመመረቅ ጊዜ ያጣል።

ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ በ2005 እ.ኤ.አ. በመጨረሻው ሕመማቸው ጊዜ ወደ ሆስፒታል ከመመለስ ይልቅ በመኖሪያቸው ሆነው ሕክምና እየተደረገላቸው መቆየትን መረጡ። ቅብዓተ ሕሙማንን ተቀብለው፣ በአጠገባቸው እየተጸለየ፣ ሚያዝያ ውስጥ በ84 ዓመታቸው ዐረፉ። ስለ ሕይወት ክብር ያን ያህል ያስተማሩ አባት ሞትን በሰላም መቀበላቸው ለእኛ ትምህርት ነው።

7. የቁምስናችን ድርሻ

ሀ/ የአደጋ ምልክቶችን እናስተምር። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጋር ሆነው ከላይ የጠቀስናቸውን ምልክቶች ለእናቶች በየጊዜው ያስረዱ።

ለ/ አስቀድመን እንዘጋጅ። ቤተሰቦች በማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን እንዲታቀፉ እንምከር። ቅሬው ለቀብር እንደሚያዋጣ ሁሉ ሕያው ሰው ወደ ወልድያና ወደ ደሴ ለሚደርስበትም ጥቂት ቢያስቀምጥ መልካም ነው። ደም መለገስም ከምጽዋት ሁሉ የማያንስ ምጽዋት ነው።

ሐ/ አስታማሚውን አንርሳ። በሆስፒታል ደጃፍ ሳምንታት የሚያድረው አስታማሚ ይራባል፣ ይደክማል፣ ብቻውንም ይወስናል። ሰው ተራ ገብቶ ይተካው፤ በመንደርም እርሻውንና ከብቱን ጎረቤት ይያዝለት።

መ/ በልቅሶ ቤት አንደበታችንን እንጠብቅ። «ባይነቅሉላቸው ኖሮ»፣ «አዲስ አበባ ቢወስዷቸው ኖሮ» የሚል አንድ ቃል የልጆችን ልብ ለዘመናት ያቆስላል። እዝነኞችን ልናጽናና ሄደን ፈራጆች ሆነን አንመለስ።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በመንደራችን ሕመምተኛ ወደ ሕክምና ዘግይቶ የሚደርሰው በምን ምክንያት ነው? ከእነዚህ ምክንያቶች እኛ ልናስወግደው የምንችለው የትኛውን ነው?
2. አንድን ሕክምና ማቋረጥና ሰውን መግደል የሚለያዩት በምንድን ነው? በሁለቱ ቤተሰቦች ምሳሌ አስረዱ።
3. በጠና ብንታመም ምን እንዲደረግልን እንደምንፈልግ ለቤተሰባችን ነግረናልን?
4. ካህን ከመዘግየቱ በፊት እንዲጠራ በቁምስናችን ምን ዓይነት አሠራር ቢኖር ይበጃል?

በመጨረሻም፣ አራቱ ሰዎች ሽባውን በጌታ ፊት ካወረዱት በኋላ ከዚያ በላይ ማድረግ የሚችሉት አልነበራቸውም። ቀሪው የእርሱ ሥራ ነበር። እኛም የሚገባንን ሁሉ ሳናጓድል ተሸክመን፣ ከጌታ ፊት ስንደርስ ሸክሙን በእምነት ማውረድን እንማር። የድውያን ፈውስ የሆነች እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም በጠና ለታመሙት፣ ለሚያስታምሟቸውና ለሐኪሞቻቸው ሁሉ ታማልድ። አሜን።